የጣናን ዓሣ በዘረመሉ ማስተዳደር፦ ከወንዝ አፍ ናሙና እስከ መረብ ክልከላ

ነሐሴ ላይ ጉማራ ደፍርሶ ወደ ጣና ሲወርድ ዓሣው ሽቅብ ይወጣል። ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ መረብ ተዘርግቶ ያድራል፤ ሲነጋ በጀልባ ወይም በደንገል ታንኳ የመጣው ዓሣ ሣሩ ላይ ይዘረገፋል። ከመካከሉ አምስቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው አንዱ አፉ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ጀርባው ጎበጥ ያለ፣ አንዱ ዓይኑ ተለቅ ያለ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ግን ለመለየት ዓመታት የሠራ ባለሙያም ያመነታል። ለነጋዴው ሁሉም አንድ ዋጋ ነው። ለአስተዳዳሪው ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ጠባቂ ያለኝ ለሁለት ወንዝ ብቻ ነው፤ የትኞቹን ልዝጋ?

ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ሣር ላይ መቀስና ብልቃጥ ይዞ ሥራ ለሚጀምር ሰው ነው፤ ለዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ። አካሄዴ ከብዙ ሥልጠናዎች ይለያል። እነርሱ ከመሣሪያው ይጀምራሉ፤ እኔ ከውሳኔው እጀምራለሁ። የጂኖም (የዓሣው ሙሉ ዘረመል) ጥናት ዓሣን የሚጠብቀው አንድ የታወቀ ሰው፣ በታወቀ ቀን፣ አንድ የታወቀ ነገር እንዲወስን ሲያግዝ ነው። ከዚያ ውጪ ያለው መልካም የምርምር ጽሑፍ ይሆን ይሆናል፤ መረቡን ግን ከወንዙ አያነሣም።

ጣናን ለምሳሌ የመረጥኩት ችግሩ እዚያ ግልጽ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ሐይቁ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን 8 ሜትር ብቻ ነው። ከታች 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስለዘጋው ከታችኛው ዓባይ ዓሣ አይወጣበትም። በዚህ በተዘጋ ውሃ ውስጥ ላቤዎባርበስ የሚባለው ዓሣ 15 ያህል ዝርያዎች ተለያይተው ወጥተዋል፤ ስምንቱ፣ መንጋጋቸው ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ፣ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በ1986 እ.ኤ.አ. ገባ። በ1990ዎቹ ብቻ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ላቤዎባርበሶች በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸው ተለካ። ለመራባት ተሰልፈው ሲወጡ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ያን ያመለጠውን ደግሞ ከላይ በኩል ዓሣ የሚያደነዝዝ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ይቀበለዋል።

ደረጃ 1፦ ውሳኔውን በአንድ ገጽ ይጻፉ

አንድ ብልቃጥ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ወረቀት ያውጡና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ማን ይወስናል፣ ምን ይወስናል፣ የትኛው መልስ ቢመጣ ውሳኔው ይቀየራል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ማዕቀፉን ይሰጣል፤ በወንዝ አፍ መረብ መከልከል ወይም የመረቡን ዓይን ስፋት መወሰን ግን በክልሉና በወረዳው ደረጃ የሚኖርና የሚሞት ጉዳይ ነው። ስለዚህ የሚወስነውን ሰው ዛሬውኑ ያነጋግሩት። ሊመጡ የሚችሉት መልሶች ሁሉ ወደ አንድ ውሳኔ የሚያመሩ ከሆነ ጥናቱን ይተዉት፤ ገንዘቡ ለጠባቂ ደመወዝ ቢውል ይሻላል።

ጥሩ ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው፦ «በጉማራና በመገጭ ወንዞች የሚራቡት የላቤዎባርበስ ብሬቪሴፋለስ ዓሦች አንድ ወገን ናቸው ወይስ ሁለት?» ወገን የምለው በአብዛኛው እርስ በርሱ የሚራባ፣ ሲጎዳ ጎረቤቱ ቶሎ የማይተካው ቡድን ነው። ሁለት ወገን ከሆኑ ጉማራን ብቻ መጠበቅ ለመገጭ ዓሣ ምንም አያደርግለትም። አንድ ከሆኑ ያሉትን ጥቂት ጠባቂዎች ጠጠሩ ንጹሕ በሆነው ወንዝ ላይ ማሰባሰብ ያዋጣል። መልሱ የጠባቂ ምደባ ይቀይራል ማለት ነው።

ጥያቄዎች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። ስንት ወገን አለ? ከሐይቁ መሃል የተያዘው ድብልቅ ከየትኛው ወገን ስንት ስንት ይዟል? በሕይወት የቀረው ስንት ነው? ሦስቱም የተለያየ ናሙና ይፈልጋሉ፤ በአንድ ዘመቻ ሦስቱን ለመመለስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንዱንም ሳይመልስ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ የዓሣዎን ክሮሞሶም ይቁጠሩ

ከጣና ለገበያ የሚወጣው ዓሣ በዋናነት ሦስት ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ላቤዎባርበስ። ለዘረመል ሥራ ግን እኩል አይደሉም።

ቆሮሶ ቀና ዓሣ ነው። 44 ክሮሞሶም አለው፤ እንደ እኛው ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ እየወሰደ በጥንድ የተደራጀ ነው። አንድ ቢሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ገደማ ያለው ጂኖሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ታትሟል፣ ከዚያም በኋላ ተሻሽሏል፤ ማንም ሰው በነጻ አውርዶ ሊጠቀምበት ይችላል። አምባዛም 56 ክሮሞሶም ያለው፣ በጥንድ የተደራጀ ነው።

ላቤዎባርበስ ግን 150 ክሮሞሶም አለው። እያንዳንዱን የዘረመል ሰነድ በሁለት ሳይሆን በስድስት ቅጂ ይዞ ይዞራል። ይህን ሳያውቁ ለቆሮሶ የተዘጋጀ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላቤዎባርበስ ላይ የሚያስኬዱ ሰዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ስህተት አለ ብሎ አይጮህም፣ ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ያወጣል። መፍትሔውን ደረጃ 6 ላይ አመጣዋለሁ፤ በጀትዎን ሲሠሩ ግን ከአሁኑ ይያዙት፤ ለአንድ ላቤዎባርበስ የሚያስፈልገው ንባብ (የዲኤንኤውን ፊደሎች በመሣሪያ ደጋግሞ ማንበብ) ለአንድ ቆሮሶ ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነው።

ሌላም አለ። የጣና ላቤዎባርበሶች የተለያዩት በቅርብ ጊዜ ነው። ለሌሎች ዓሦች የዝርያ መታወቂያ ሆኖ የሚያገለግለው አንድ የሚቶኮንድሪያ ቁራጭ ለእነርሱ አይበቃም፤ ሁለት መልካቸው የማይመሳሰል ዓሦች አንድ ዓይነት ቁራጭ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። የጂኖሙን ብዙ ቦታ ማየት ግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ፈቃድ

የጣት ጥፍር የምታህል የክንፍ ቁራጭ በሕግ ፊት የጄኔቲክ ሀብት ናት። ወደ ውጭ ቤተ ሙከራ ልትላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ትሻለች። ማመልከቻውን ክረምቱ ከመግባቱ ብዙ ወራት አስቀድመው ያስገቡ።

ሁለተኛው ፈቃድ በወረቀት የማይሰጠው የአስጋሪዎቹ ነው። ጅራቱ የተቆረጠ ዓሣ ገዢ ዋጋውን ያወርድበታል፤ ስለዚህ ከጅራቱ ሳይሆን ከሆዱ በታች ካለው ክንፍ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ጎን ይቁረጡ። ምን እንደሚፈልጉና ለምን እንደሆነ ይንገሩ። «መንግሥት ሊዘጋብን ነው» የሚለው ወሬ ከእርስዎ በፊት ወደቡ ላይ ከደረሰ በሚቀጥለው ዓመት ናሙና አያገኙም። መዝጋት ሊመጣ እንደሚችል መደበቅ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ በኋላ ሲታወቅ እርስዎን ብቻ ሳይሆን ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣውንም ባለሙያ አያምኑም።

ደረጃ 4፦ ናሙና

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ሥራው የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚህ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተበላሸ ነገር ተደግሞ ይሠራል፤ ነሐሴ ላይ የተበላሸ ናሙና ግን ዓመት ያስጠብቃል።

መጀመሪያ ጊዜው። በሁዳዴ የዓሣ ገበያው ይደራል፤ በአንድ ጠዋት መቶ ክንፍ መሰብሰብ ይቻላል። ያ ዓሣ ግን ሐይቁ መሃል የተያዘ ድብልቅ ነው፤ የትኛው ወንዝ እንደወለደው በፊቱ ላይ አልተጻፈም። የሁዳዴ ናሙና ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ይጠቅማል፤ ለዚያ ግን አስቀድሞ የየወንዙን ዓሣ ማወቅ ያስፈልጋል። መነሻ ናሙና የሚባለው ይህ ነው፤ የሚሰበሰበውም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ዓሣው ጥርት ያለ ፈጣን ውሃና ጠጠር ፈልጎ ወደ ገባር ወንዞቹ ሲወጣ ነው። ከወንዙ አፍ ይልቅ ከፍ ብለው ጠጠሩ ዘንድ ይሂዱ። ሆዷን በቀስታ ሲጫኑት እንቁላሏ የሚፈስ ዓሣ ካገኙ ለየትኛው ወንዝ እንደምትመሰክር ጥርጥር የለም። ወንዙ አፍ ላይ የተያዘ ግን መንገደኛም ሊሆን ይችላል።

ከእያንዳንዱ ወንዝ ከአንድ ዝርያ 50 ያህል የደረሱ ዓሦች ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ሥራውም ቢያንስ ለሁለት ክረምት ይደገም። የአንድ ዓመት ልዩነት የወንዝ ልዩነት መስሎ ሊያታልል ይችላል። ጫጩት ዓሣ ከአንድ ኩሬ አይሰብስቡ፤ 50 ናሙና ያዝኩ ብለው የአንዲት እናት 50 ልጆች ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

አሁን እጅዎ ላይ ያለው ዕቃ። ኢታኖሉ 96 በመቶ ይሁን፤ መድኃኒት ቤት ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃው ስለሚበዛ ዲኤንኤውን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ቁራጩ የትንሿን ጣት ጥፍር ግማሽ ቢያህል ይበቃል። ሰው ብዙ ሥጋ ቢጨምር የሚጠቅም ይመስለዋል፤ እውነቱ ተቃራኒ ነው። ኢታኖሉ ከቁራጩ አሥር እጥፍ ያህል ይሁን፤ በማግሥቱም ይደፋና በአዲስ ይተካ፤ የመጀመሪያው ከሥጋው ውሃ ጠጥቶ ቀጥኗልና። መቀሱን ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ሲያልፉ ይጥረጉና በእሳት ይለብልቡት። ይህን የዘለለ ሰው ሁለት ዓሦችን በአንድ ብልቃጥ ያጋባል፤ ያ ዓሣ በኋላ የሁለት ወገን ዲቃላ መስሎ በውጤቱ ውስጥ ይመጣል።

የናሙናው ቁጥር በእርሳስ፣ ጠንከር ባለ ወረቀት ላይ ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በመጀመሪያው ክረምቴ 60 ብልቃጥ ሞልቼ፣ በክዳኖቹ ላይ በሰማያዊ ብዕር አስተካክዬ ቁጥር ጽፌ፣ በሣጥን ደርድሬ መኪና ላይ ጫንኩ። መንገዱ አስቸጋሪ ነበር፤ አንዱ ክዳን ላልቶ ኢታኖሉ ሣጥኑ ውስጥ ፈሰሰ። ማታ ስከፍተው 60 ንጹሕ ነጭ ክዳኖችና ከታች ትንሽ ሰማያዊ ኩሬ ጠበቀኝ። ዓሦቹ አሉ፤ የየትኛው ወንዝ እንደሆኑ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከውስጥም ከውጭም በእርሳስ እጽፋለሁ፤ መዝገቡንም ከብልቃጡ ጋር በአንድ ሣጥን አልጭንም።

መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ወንዙን፣ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር፣ የመረቡን ዓይን ስፋት፣ የዓሣውን ርዝመት፣ ክብደት፣ ፆታና እንቁላሉ የደረሰበትን ደረጃ ይጻፉ። ዓሣውን በግራ ጎኑ አስተኝተው፣ ማስመሪያና ቁጥሩን አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ያንሡ። ከተቻለ የጆሮ ድንጋዩንም ያውጡ፤ ዕድሜው የሚነበበው ከእርሱ ነው፤ ዕድሜ ከሌለ ደረጃ 8 አይሠራም። ከእያንዳንዱ ዓሣ ሁለት ቁራጭ፣ በሁለት ብልቃጥ።

ደረጃ 5፦ ቤተ ሙከራ

ዲኤንኤ ማውጣት የተለመደ ሥራ ስለሆነ አላብራራውም። ከዘዴዎቹ መካከል ስለ መምረጥ ግን አንድ ምክር አለኝ፦ አንዴ በሰፊው አንብበው፣ በየዓመቱ በጠባቡ ይከታተሉ። በመጀመሪያው ዙር ከየወንዙ ጥቂት ዓሦችን ሙሉ ጂኖማቸውን ያስነብቡ። ከዚያ ውስጥ ወገንን ከወገን የሚለዩትን አንድ ሁለት መቶ የፊደል ልዩነቶች ይምረጡ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ እነዚያን ብቻ መፈተሽ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ በአገር ውስጥ ቤተ ሙከራም ሊሠራ ይችላል።

የየወንዙን ዓሦች በእያንዳንዱ የናሙና ሰሌዳ (ብዙ ናሙና በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ዕቃ) ላይ ያደባልቁ። ጉማራን በአንድ ሰሌዳ፣ መገጭን በሌላ ካስቀመጡ የሰሌዳው ልዩነት የወንዝ ልዩነት መስሎ ይወጣል፤ ውብ ሆኖ፣ በሁለት ቀለም ተለይቶ፣ ሙሉ በሙሉ ውሸት። ከመቶ አምስቱን ናሙና ደግመው ያስነብቡ፤ አንዱ ዓሣ ከራሱ ጋር ካልተስማማ ከሌሎቹ ጋር ያለውን ዝምድና አይመኑ።

ከውሃ ላይ ዲኤንኤ መልቀም አሁን ተወዳጅ ሆኗል። ዓሣው በቦታው መኖሩን ይናገራል፤ የመጣበትን ወንዝ ለመለየት ግን ክንፉን አይተካም።

ደረጃ 6፦ ንባቡን ማበጠር

ስድስት ቅጂ ወዳለው ዓሣ እንመለስ። በቆሮሶ አንድ ቦታ ላይ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ የተለየ ፊደል ከያዘ፣ አሥር ጊዜ ቢያነቡት ያንን ፊደል ጨርሶ ሳያዩት የመቅረት ዕድልዎ ከሺህ አንድ ገደማ ነው። በላቤዎባርበስ ከስድስቱ አንዱ ብቻ የተለየ ከሆነ ግን በአሥር ንባብ የመሳት ዕድሉ 16 በመቶ ነው፤ ከስድስት ዓሦች አንዱን እንደመሳት ማለት ነው። 30 ጊዜ ሲነበብ ወደ 0.4 በመቶ ይወርዳል። በጀቱ ላይ ብዙ ንባብ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። አቅም ከሌለ ደግሞ በዓሣ ቁጥር ይጨምሩና የእያንዳንዱን ዓሣ ሳይሆን የወንዙን የፊደል ድርሻ በጥቅሉ ይገምቱ።

ሁለተኛው ወንፊት ይህ ነው። ስድስቱ ቅጂዎች ከጥንት የተቀላቀሉ ስብስቦች ስለሆኑ፣ በስብስቦቹ መካከል ያለ የቆየ ልዩነት በሁሉም ዓሣ ላይ ይታያል። ጉማራ ቢሄዱ፣ መገጭ ቢሄዱ፣ ሁሉም ዓሣ በዚያ ቦታ ሁለት ዓይነት ፊደል ይዞ ይገኛል። ሁሉም የሚጋራው ልዩነት ስለ ወገን የሚናገረው የለም፤ እንዲህ ያሉትን ቦታዎች ያውጧቸው።

ከዚያ ዘመዳሞችን ይፈልጉ፤ ወንድምና እህት በብዛት ከተገኙ ናሙና አሰባሰቡን ይመርምሩ። በመጨረሻ ዓሦቹን እንደ ዘረመላቸው ቅርበት በነጥብ የሚያሰፍረውን ሥዕል ሲሠሩ መጀመሪያ በወንዝ ሳይሆን በሰሌዳ፣ በቀንና በሰበሰበው ሰው ያቅልሙት። ነጥቦቹ በእነዚያ ከተሰለፉ ደስታዎን ያዘግዩ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ሲያነቡ ሁለት ወጥመድ

የመጀመሪያው ወጥመድ ትንሽ ቁጥር ነው። ሁለት ወገኖች በዘረመል ምን ያህል እንደተራራቁ የሚለካው ኤፍ-ኤስ-ቲ ዜሮ ከሆነ አንድ ናቸው፣ አንድ ከሆነ ፍጹም ተለያይተዋል። አንድ ሚሊዮን ዓሣ ያለው ወገን በየትውልዱ ከጎረቤቱ 100 ስደተኞች ይቀበላል እንበል። የተለመደው ቀመር በአራት እጥፍ ስደተኞች ላይ አንድ ጨምሮ አንድን ለዚያ ያካፍላል፦ 1 ለ401፣ ማለትም 0.0025። ይህን ያየ ሰው «ልዩነት የለም፣ አንድ ክምችት ናቸው» ይላል። ግን 100 ዓሣ ከሚሊዮኑ አንድ አሥር ሺህኛ ነው። አንዱ ወገን በመረብ ቢያልቅ በየትውልዱ መቶ ስደተኛ አይተካውም። ስለዚህ ኤፍ-ኤስ-ቲ ከፍ ብሎ ሲገኝ ወገኖቹ እንደተለያዩ በእርግጠኝነት ይናገሩ፤ ዝቅ ብሎ ሲገኝ ግን «አንድ ናቸው» ብለው አይፈርሙ።

ሁለተኛው የአማካይ ወጥመድ ነው። መላው ጂኖም ሲታይ ሁለት ወገኖች አንድ መስለው፣ አንድ የክሮሞሶም ክፍል ላይ ብቻ ሊራራቁ ይችላሉ። ለዚህ ዋናው ምስክር የኖርዌይ ኮድ ዓሣ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት ከባረንትስ ባሕር ወደ ሎፎተን ደሴቶች ለመራባት የሚመጣው፣ ስክሬይ የተባለው ኮድና ዓመቱን ሙሉ ባሕሩ ዳር የሚኖረው ኮድ በአንድ መረብ ይያዛሉ። ስክሬይ ብዙ ነው፤ የባሕር ዳሩ ኮድ ክምችት ደካማ ነው። ሁለቱን የሚለየው በዋናነት በመጀመሪያው ክሮሞሶም ላይ የተገለበጠ ትልቅ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ አንድ ዘረመል በስክሬይ ዘንድ በአብዛኛው አንድ ዓይነት፣ በባሕር ዳሩ ኮድ ዘንድ በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። ስለዚህ ውጤቱን በጅምላ ብቻ ሳይሆን ክሮሞሶም በክሮሞሶም ይመልከቱ።

ደረጃ 8፦ በልጅና በወላጅ መቁጠር

ሐይቅ ውስጥ ያለ ዓሣ አይቆጠርም፤ አስጋሪ ደግሞ የያዘውን ሁሉ አያስመዘግብም። ዘረመል እዚህ ላይ ዘዴ አምጥቷል። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ወላጅ አለው። በናሙናዎ ውስጥ ልጅና ወላጅ ብዙ ጊዜ ከተገናኙ ወላጆቹ ጥቂት ናቸው፤ እምብዛም ካልተገናኙ ብዙ ናቸው። ስሌቱ በቀላሉ ሲታይ እንዲህ ነው፦ 1,000 ጫጩትና 1,000 የደረሱ ዓሦች ያዙ፤ 20 የልጅና የወላጅ ጥንድ ተገኘ። 2 ሲባዛ በ1,000 ሲባዛ በ1,000፣ ለ20 ሲካፈል 100,000 የደረሱ ዓሦች ይሆናል። በሥራ ላይ ሲውል ዕድሜ፣ ሞትና የእናቲቱ መጠን ወደ ስሌቱ ይገባሉ፤ ትልቅ እናት ብዙ እንቁላል ስለምትጥል በናሙናው ውስጥ ልጆቿ ይበዛሉና።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ተቋም (ሲኤስአይአርኦ) ተመራማሪዎች በማርክ ብራቪንግተን መሪነት ደቡባዊውን ብሉፊን ቱና የቆጠሩት በዚህ መንገድ ነው። ጫጩቶቹን ከአውስትራሊያ ደቡብ፣ ወላጆቹን ከኢንዶኔዥያ ወደብ ሰብስበው፣ ከ10,000 በላይ ናሙና ውስጥ 45 ጥንድ አገኙ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። 45 ብቻ! ግን ለውቅያኖስ ሙሉ ዓሣ ግምት በቃ፤ ግምቱም በማንም አስጋሪ ሪፖርት ላይ አልተመሠረተም። በጣና ልሞክረው የሚል ሰው ከቆሮሶ ይጀምር። በስድስት ቅጂ ልጅና ወላጅ ማገናኘት ለመጀመሪያ ሥራ የሚመከር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ወደ ጠረጴዛው

የሎፎተኑን ታሪክ እዚህ ልጨርሰው። ሄኒንግስቬር አካባቢ የባሕር ዳሩን ኮድ ለመጠበቅ የተዘጋ ቦታ አለ። በማስገሪያው ወቅት ናሙና ተወስዶ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ ውጤቱ በ24 ሰዓት ገደማ ይመለሳል፤ የስክሬይ ድርሻ አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ካለፈ ቦታው ይከፈታል፤ ካልሆነ ተዘግቶ ይቆያል። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ እየተሠራ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ የመሣሪያቸው ፍጥነት አይደለም። ልኩን የተስማሙበት ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ልክ የሚደራደር ሰው ሁልጊዜ ለራሱ የሚመቸውን ልክ ያገኛል።

ስለዚህ ደረጃ 1 ላይ የጻፉትን ወረቀት ያውጡና ከአስጋሪ ማኅበራቱና ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ያስፈርሙበት፦ ሁለት ወገን ከሆኑ ሁለቱም ወንዞች ከሐምሌ እስከ መስከረም ከመረብ ነጻ ይሆናሉ፤ መለየት ካልተቻለ እንደ ሁለት ይቆጠራሉ። ይህች የመጨረሻ ሐረግ ብዙ ክርክር ታስነሣለች፤ ደረጃ 7 ላይ ያለውን የሚሊዮኑን ስሌት ይዘው ይግቡ። ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ይሁን፣ በአማርኛ ይሁን፣ ካርታ ይኑረው። ወንዙ በግድብ ወይም በአሸዋ ቁፋሮ ጠጠሩን ካጣ የመረብ ክልከላው ብቻውን ምን ያህል እንደማይረዳም በዚያው ይጻፉ፤ ዘረመሉ ለመስኖና ለመንገድ ባለሙያዎችም የሚነግረው ነገር አለ።

ቆሮሶን በተመለከተ አንድ ውሳኔ ምንም አዲስ ጥናት ሳይጠበቅ ሊወሰን ይችላል፦ ጫጩት ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው አይዙር። ሥዩም ሥዩምና አይርቭ ኮርንፊልድ በ1992 እ.ኤ.አ. የጣናን ቆሮሶ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ አድርገው ገልጸውታል፤ የአዋሽና የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቹም በየራሳቸው ስም ይታወቃሉ። በዓለም የታወቀው የተሻሻለ ቆሮሶ በፊሊፒንስ ሲዳቀል መሠረት የሆኑት የዱር ዓሦች ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰዱ ነበሩ፤ የእኛዎቹ አልተካተቱበትም። ጫጩት ማራቢያ ያለው ሰው ደግሞ ከስንት ወላጅ እንደሚያራባ ይቁጠር፤ በየትውልዱ አሥር ወላጅ ብቻ የሚጠቀም ማራቢያ ከዘረመል ብዝሃነቱ 5 በመቶ ያህሉን በየትውልዱ ያጣል።

ሁለተኛው ብልቃጥ፣ ያ በናሙና ጊዜ ለብቻ ያስቀመጡት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ መዝገቡም በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው ሰው ዛሬ የነበረውን ዓሣ የሚያገኘው እዚያ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ክረምት ኢታኖሉን በግንቦት ይግዙ፤ እርሳሱንም ጭምር።